የሚመለስ ወንዝ በአማርኛ፦ «ማዕበል» ወይስ «ሙላት»፣ «ቦይ» ወይስ «ሰርጥ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ በዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለውን፣ የቼሪ አበባ የሚታይበትን ሰው ሠራሽ ውሃ፣ ታይዳል ቤዚንን፣ በአማርኛ ምን እንደምንለው ቢጠይቁኝ «የማዕበል ኩሬ» አልኳቸው፤ ከእሱ ጋር የሚገናኘውን ጠባብ የውሃ መስመር፣ ዋሽንግተን ቻናልን፣ ደግሞ «የዋሽንግተን ቦይ» አልኩት። አንድ አባት ሁለቱንም አልተቀበሉኝም። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ እኔም ከአባትዬው ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። አማርኛ በአብዛኛው ያደገው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ በማይመለስበት ደጋ ስለ ሆነ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሽቅብ ለሚመለስ ወንዝ የተዘጋጀ ስም አላቆየልንም። ስም ስናጣ ደግሞ ከባሕር ጋር የምናያይዘው «ማዕበል» ቀድሞ አፋችን ላይ ይመጣል።

ማዕበል ግን ነፋስ የሚያስነሣው፣ የሚናወጥና የሚላተም ውሃ ነው። በማርቆስ ወንጌል በታንኳይቱ ውስጥ የገባው ማዕበል የተነሣው ከዐውሎ ነፋስ ጋር ነው። እኔ በታይዳል ቤዚን ዳር፣ በጀፈርሰን መታሰቢያ አጠገብ ያየሁት ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ ፀሐይ በወጣበት፣ ቅጠል እንኳ በማይንቀሳቀስበት ቀን፣ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ የድንጋዩን ግንብ አፋፍ አልፎ የእግረኛውን መንገድ ሸፈነ፤ የቼሪዎቹንም ግንድ ከበበ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስመለስ በመንገዱ ላይ የቀረው ቀጭን የጭቃ መስመር ብቻ ነበር። ይህን ያዩ ልጆች «ማዕበል ነው» ቢባሉ ግራ ይጋባሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋናነት በጨረቃ ስበት ምክንያት ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ከፍ ይላል። ይህ ከፍታ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወደ ፖቶማክ ገብቶ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ በመጓዝ ዋሽንግተን ይደርሳል፤ ከጆርጅታውን ጥቂት ከፍ ብሎ ሊትል ፎልስ በሚባለው ፏፏቴ ላይ ሲደርስም ይቆማል። በከተማዋ ዳርቻ በሙሉውና በጎደለው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። አንዳንድ ሰዎች «ውሃው ጨው ሳይኖረው እንዴት ከባሕር መጣ ይባላል?» ብለው ይከራከራሉ፤ በዋሽንግተን ዘንድ የሚነሣውና የሚመለሰው የወንዙ የራሱ ውሃ ነው፤ ባሕሩ ከታች ሆኖ ይገፋዋል እንጂ ጨዉ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

ስለዚህ የሚሻለው «ሙላት» ነው። «ወንዙ ሞላ» ማለትን ማንም ያውቃል፤ «የባሕር ሙላት» ሲባልም ውሃው ከፍ ማለቱን እንጂ መናወጡን አያመለክትም። ለመመለሱ «ሽሽት» እላለሁ፤ በጥምቀት የምንሰማው መዝሙር ባሕሪቱን «ሸሸች»፣ ዮርዳኖስን «ወደ ኋላው ተመለሰ» ይላልና ቃሉ በጆሯችን ያለ ነው። ዐረብኛ «መድ» እና «ጀዝር»፣ ዕብራይስጥም «ጌኡት» እና «ሼፌል» እያሉ ሁለቱን አጣምረው ይጠራሉ፤ እኛም «ሙላትና ሽሽት» ብንል ከእኅት ቋንቋዎቹ ልማድ አንርቅም። እንደ ፖቶማክ ያለው ወንዝ «ሙላት የሚደርስበት ወንዝ» ይባላል።

«ኩሬ»ን የማልቀበለው በታሪኩ ምክንያት ነው። ኩሬ የቆመ ውሃ ነው፤ ታይዳል ቤዚን ግን የተሠራው ውሃ እንዳይቆም ነው። ሎንግ ብሪጅ የተባለው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1809 ከተሠራ በኋላ በከተማዋ ፊት ደለል እየተከማቸ፣ የከተማዋም ቆሻሻ እየተጨመረበት ሰፊ የሚሸት ረግረግ ተፈጠረ። በ1881 ከባድ ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ኮንግረሱ በ1882 ገንዘብ መደበ፤ ፒተር ሄንስ የተባሉት የጦር ሠራዊቱ መሐንዲስም የወንዙን ወለል እያስቆፈሩ በሚወጣው ጭቃ ረግረጉን ደለደሉ። ዛሬ የፖቶማክ ፓርክ የምንለው መሬት ከዚያ የወጣ ነው። ሄንስ በታይዳል ቤዚን ሁለት በሮች ያደረጉትን ነገር እጅግ አደንቃለሁ፤ ሙላት ሲመጣ በወንዙ በኩል ያለው በር ተከፍቶ ውሃውን ያስገባል፤ ሽሽት ሲጀምር ያ በር በውሃው ክብደት ይዘጋና በቻናሉ በኩል ያለው ይከፈታል፤ የሚወጣውም ውሃ የቻናሉን ደለል ጠርጎ ይሄዳል። መግቢያና መውጫ ላለው እንዲህ ላለ ነገር «ገንዳ» ይስማማል፤ «የሙላት ገንዳ» ይበሉት።

«ቦይ» ደግሞ በደረቅ መሬት ላይ ተቆፍሮ ውሃ የሚመራበት ነው። ከጆርጅታውን ተነሥቶ እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውና ግንባታው በ1828 የተጀመረው የቼሳፒክና ኦሃዮ ካናል እውነተኛ ቦይ ነው። ዋሽንግተን ቻናል ግን ቀድሞም ከተማዋን ታክኮ የሚያልፍ የወንዙ መስመር ነበረ፤ ጥልቀት ተጨመረለት፣ በጎኑም የተደለደለው መሬት ከዋናው ወንዝ ለየው። በሁለት የብስ መካከል የተጠበበ ውሃ በመሆኑ፣ ባብ ኤል መንደብን እንደምንጠራው «ሰርጥ» ብንለው ይሻላል። በሰሜን ጫፉ የሚገናኘው በገንዳው በር በኩል ብቻ ስለ ሆነ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ልክ አይመጣለትም፤ ከ«ቦይ» ግን እጅግ የቀረበ ነው።

ለሰው መንገድ ሲያመለክቱ ግን በካርታውና በምልክቱ ላይ ያለውን ስም «ታይዳል ቤዚን»፣ «ዋሽንግተን ቻናል» ብለው እንዳለ ይጥሩት። ትርጉሙ የሚያስፈልገው ልጆቹ ከበሩ አጠገብ ቆመው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቁዎ ነው።