«በስህተት ብር ላኩብሽ» ላለሽ ሰው መልስ ከመስጠትሽ በፊት

አብሽሪ እህቴ። ደሴ ካለው ሱቅሽ ሆነሽ «5,000 ብር በቴሌብር በስህተት ልኬልሻለሁ፣ ቶሎ መልሺ እያለ የሚደውል ሰው አለ፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። ለጊዜው ምንም አትላኪ።

የደረሰሽን መልእክት አትመኚው። ከተራ የሞባይል ቁጥር ከመጣ ሰውየው ራሱ ጽፎት ነው። ከቴሌብር ቁጥር ከ127 የመጣ ቢመስልም *127# ገብተሽ ቀሪ ሂሳብሽን እዪ። ብሩ ካልገባ ነገሩ አለቀ፤ የደወለልሽን ቁጥር ዝጊው።

ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነስ? ያኔም እሱ ወደ ሰጠሽ ቁጥር እንዳትልኪ። ከሌላ ሰው የተሰረቀ ብር ሊሆን ይችላል፤ ኋላ ተጠያቂዋ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። 127 ደውለሽ አስረጂና እነሱ ይመልሱት። እውነት የተሳሳተ ሰው በዚህ አይከፋም። የሚያጣድፍሽ፣ የሚያለቅስብሽ፣ የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን ጠርጥሪ።

የሚስጥር ቁጥርሽን ወይም በመልእክት የሚመጣልሽን ኮድ «ከባንክ ነው» ለሚልሽም አትንገሪ። ባንክ ይህን አይጠይቅም።

ሱቅ ላይ ስለሆንሽ አንድ ልጨምር። በገበያ ቀን ግርግር ደንበኛ የከፈለበትን ደረሰኝ በስልኩ ቢያሳይሽ ዕቃ አትስጪ። ደረሰኝ ማስመሰል ቀላል ነው። ብሩ በራስሽ ሂሳብ ሲገባ አይተሽ ስጪ። ሱቁን የሚጠብቅልሽ ልጅ ካለም ዛሬውኑ ንገሪው።