ለገና ጅማ ለምትገቡ፦ ከሻንጣው በፊት ለልጆቻችሁ ቋንቋ አሲዟቸው

በውጭ አገር በኖርኩባቸው 26 ዓመታት ውስጥ ለበዓል ወደ ጅማ የሚሄዱ ብዙ ቤተሰቦችን ሸኝቻለሁ፤ ሲመለሱም ተቀብያለሁ። ሲሄዱ ሻንጣው በጫማና በስልክ ተሞልቶ ኪሎ ያልፋል። ሲመለሱ ልጆቹ በአያታቸው ጓሮ ስላዩት ጉሬዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ፤ «አያታችሁስ ምን አሏችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የወላጆቹ ነው። እኔም በገዛ ልጄ ላይ የፈጸምኩት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ቢከብዳችሁም ቅር አትሰኙብኝ።

1. ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። የውጭ ዜግነት የያዘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ ካወጣ ያለ ቪዛ ይገባል፤ የሌለው ቪዛውን አስቀድሞ ይጨርስ።

2. ትኬቱን በበዓሉ ልክ ቁረጡ። ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይከበራል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 መሆኑ ነው። በብዙ አገሮች ትምህርት የሚጀመረው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እንዳለፈ ስለሆነ፣ ወላጆች ያንን ይከተሉና በዓሉ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ተሰናብተው ይወጣሉ። በጾም ይገባሉ፣ በጾም ይመለሳሉ፤ እናት ለእነርሱ ብላ ከሄርማታ ገበያ ያስመጣችው ዶሮ ጓሮ እንደታሰረ ይቀራል። ከትምህርት ቤቱ የአንድ ሳምንት ፈቃድ መጠየቅ የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ጠይቁ። ልጃችሁ ቄጤማው ሲጎዘጎዝ፣ ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሲጋገር፣ የዶሮው 12 ብልት ሲወጣ ሳያይ ጅማ ደርሶ መጣ ለማለት እኔ ይቸግረኛል።

3. የጓሮውን እንግዶች አትመግቡ። የጅማን ጓሮ ታውቁታላችሁ፤ ቡናው፣ አቮካዶው፣ ኮባውና ጌሾው ተጠጋግተው የበቀሉበት፣ ከዳር አንድ ትልቅ ሾላ ወይም ዋንዛ የማይጠፋበት ነው። በበዓል ሰሞን እንግዳው ይበረክታል። ቅርጫው ሲከፋፈል ቁራና ጥንብ አንሣ ጣሪያው ላይ ይሰለፋሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ጅቡ አጥንት ፍለጋ እስከ አጥሩ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የተረፈውን አጥንት በጥልቀት ቅበሩ፤ ከመሸም ልጆቹን አታስወጡ። ጦጣው ግን በቀን ስለሚመጣና ሰው ሰው ስለሚመስል ልጆች ይደፍሩታል። የእኔ ልጅ ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ በእጇ ዳቦ ስታበላቸው እየሳቅሁ ቪዲዮ አንሥቻለሁ። እኛ ከሄድን በኋላ እነዚያው ጦጣዎች እናቴን የወጥ ቤቷን በር አላስከፍት አሏት፤ እንቁላሏን ይወስዱባት፣ የሊጡን ክዳን ይገለብጡባት ነበር። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሴት ክረምቱን ሙሉ ዱላ ይዛ ቡና አፈላች። ጉሬዛውም ቢሆን ሆዱ በየክፍሉ ቅጠል ለማብላላት የተሠራ ስለሆነ ዳቦና ከረሜላ አይስማማውም። ልጃችሁን ጦጣም ሆነ ውሻ ቢነክሰው፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ስለማይመለስ «እስኪ ነገ እናየዋለን» አይባልበትም።

4. ቋንቋ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው።

ጉሬዛ የሚለው ቃል የእኛው ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. እንስሳውን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የአገሬውን ስም ወስዶ ጉሬዛ አለው፤ የዓለም ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ ኮሎበስ ጉሬዛ ይሉታል። የእኛ ልጆች ግን ጉሬዛውንም መንኪ፣ ጦጣውንም መንኪ፣ ዝንጀሮውንም መንኪ ይላሉ። አያት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ስትል ጨዋታው አይገባቸውም፤ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብላ ስትስቅ እነርሱ ፊታችንን ያያሉ። ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ጅብ በአፋን ኦሮሞ ወራቤሳ ይለዋል። እኛ በጅማ ሁለቱንም ቃል እየሰማን ያደግን ሰዎች ለልጆቻችን አንዱን እንኳ አላስተረፍንላቸውም።

«ሲያድጉ ይማሩታል» አትበሉኝ። እኔም ይህንኑ እል ነበር። በሳምንት አንድ ሰዓት ፊደል እንዲቆጥሩ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ፣ ቤት ሲገቡ በእንግሊዝኛ «እራት ብሉ» ማለት ማስተማር አይደለም። በየወሩ ለእናታችሁ ገንዘብ መላካችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን በብሩ ምትክ ልጃችሁ ለአሥር ደቂቃ ያለ አስተርጓሚ ብታዋራት የትኛውን እንደምትመርጥ አንድ ቀን ጠይቋት።

በ2006 ዓ.ም. የገና ዕለት ጠዋት፣ እናቴ የ9 ዓመቷን ልጄን እጇን ይዛ ወደ ሾላው ወሰደቻት፤ እኔም በስልኬ ቪዲዮ እያነሣሁ ተከተልኳቸው። ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ጉሬዛ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ ጥቁር የሚባል ነገር የሌለበት፣ ሁለንተናው ነጭ የሆነ ግልገል ተለጥፏል። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ሆኖ ነው፤ ጥቁሩ ከወራት በኋላ ይመጣል። እናቴ ልጄን ቁልቁል እያየች ለሦስት ደቂቃ ያህል ተናገረች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ምን እያለች ነው?» አለችኝ፤ እኔም «በየጠዋቱ ይመጣሉ ነው የምትለው» ብዬ ዘጋሁት። ቡናው ቀርቦ ነበር፤ ተርጉሞ ለመጨረስ ትዕግሥት አጣሁ።

ልጄ አሁን 21 ዓመቷ ነው። በራሷ ፍላጎት አማርኛ መማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። ባለፈው ዓመት ያንን ቪዲዮ ከፍታ እየደጋገመች አዳመጠችውና ወደ ክፍሌ መጣች። እናቴ ለካ አባቴ ሾላውን ቆርጦ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ሲል እንዴት እንደከለከለችው እየተረከችላት ነበር። ከዚያም ጠይቃታለች፦ «አንቺስ ልጄ፣ እናንተ ዘንድ በበዓል ቀን ጓሮ የሚመጣው ማነው?» ልጄ ዝም ስትል ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ደግማዋለች፤ ሦስተኛው ላይ ራሷን ዳበሰቻትና ወደ ቤት መለሰቻት።

ልጄ መልስ ነበራት። ሜሪላንድ ውስጥ ከቤታችን ኋላ አጋዘን ይመጣል፤ በዚያ ዕድሜዋ በየምሽቱ መስኮት ላይ ሆና ትቆጥራቸው ነበር። «አባዬ፣ እኮ እኔን ነበር የጠየቀችኝ፤ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ትንንሽ ሳሉ ዛሬውኑ ጀምሩ። እናንተ ባላችሁበት አገር ጓሮ የሚመጣውን ወፍና አውሬ በአማርኛ ጥሩላቸው፤ አማርኛውን የማታውቁት ከሆነ ወደ ጅማ ደውላችሁ መልኩን ንገሩና ስሙን ጠይቁ። ስልኩን ለአያትየው ሰጥታችሁ ከክፍሉ ውጡ፤ ልጁ ይንተባተብ፣ ይሳሳት፣ ዝም ይበል፣ እናንተ ግን አትግቡበት። ማታ ማታ «ተረት ተረት» በሏቸው፤ «የላም በረት» ብለው እስኪመልሱ ድረስ ታገሡ። በእንግሊዝኛ ሲመልሱላችሁም እንዳልሰማ አትለፉት፤ ያንኑ በአማርኛ አስደግሟቸው።

እናቴ ዛሬ 86 ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ስለደከመ በስልክ መነጋገሩ አልሆነም። ዳዊቷን ግን ዓይኗ አጠገብ አስጠግታ ታነባለች። ልጄ ይህን ስትሰማ በትልልቅ ፊደል አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ «አያቴ፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው አጋዘን ነው፤ በገና ማታ አምስት ሆነው መጡ» የሚል ነው። «ሆነው» የሚለውን በ«ሐ» ጽፋው ነበር፤ አላረምኩትም። ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ተልኮ ከደረሰ ከሳምንት በኋላ፣ የጎረቤታችን ልጅ ደውሎ የእናቴን ጥያቄ አደረሰን፤ አጋዘኑ ጎመኑን አይጨርስባችሁም ወይ ብላለች።