ከእህት ከወንድማችሁ ጋር ባንድ ለምትመሠርቱ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጥብቅና ነው። አብዛኛው ሥራዬ ውል መጻፍና የሽርክና ክርክር ነበር። ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር አንድ ነገር የጀመረ ወጣት ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። አብሮ ያደገ ሰው ሳይነጋገር ይግባባል፤ በሙዚቃ ደግሞ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የጋራ ስማችሁ የማን እንደሆነ፣ ገና ስትዋደዱ በወረቀት ላይ አስፍሩት።

ለዚህ ሁልጊዜ የማነሳው የዌልስ መንትዮችን ነው፤ ጄይ አስተንንና ማይክል አስተንን። ያደጉት በደቡብ ዌልስ፣ ፖርትኮል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አካባቢ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ለንደን ገቡና ጂን ላቭስ ጀዘበል የተባለውን ባንድ ይዘው ብቅ አሉ። ጎቲክ ሮክ የሚባለው ስልት ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ደርቶ ነበር። ከፓንክ ቀጥሎ የመጣ ሙዚቃ ነው፤ ቤዙ (ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር) ይመራል፣ ጊታሩ ያስተጋባል፣ ድምፁ ጨለም ይላል። ለንደን ሶሆ ውስጥ ባትኬቭ የሚባለው ክለብ በ1982 ሲከፈት ጥቁር የለበሰና የተኳኳለ ወጣት እዚያ ይጎርፍ ጀመር።

መንትዮቹ መልካቸው አንድ ነው። ጸጉራቸውን አንጨባርረው፣ ሻርፕ ደራርበው፣ ተኳኩለው መድረክ ላይ ሲቆሙ ሰው ማን ማን እንደሆነ ይምታታበት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን አዘፋፈናቸው ነው። አንዱ የጀመረውን ሐረግ ሌላው ይቀበለዋል። አንዱ ግጥሙን ሲያወርድ ሌላው ከኋላ ቃል የሌለው ጩኸት ይለቃል፣ ያንጎራጉራል፣ ያለቅሳል። ሁለት ድምፅ መሆኑን እያወቃችሁ ጆሯችሁ አንድ ነው ይላችኋል። ይህን በልምምድ ብቻ ማምጣት የሚቻል አይመስለኝም፤ አብሮ ማደግ ይጠይቃል። እስቲ የመጀመሪያ አልበማቸውን፣ የ1983ቱን፣ ፈልጋችሁ ስሙት። ሸካራ ነው፣ ግን ነፍስ አለው።

በ1985 ሁለተኛው አልበም ወጣ። ቀጥሎ ጄምስ ስቲቨንሰን የተባለው ጊታሪስት ገባና በ1986 እና በ1987 በወጡት አልበሞች ድምፃቸው ጠራ፤ ወደ ፖፕም ቀረበ። አሜሪካ ውስጥም አድማጭ አገኙ። አንዳንድ የድሮ አፍቃሪዎቻቸው በዚህ አዝነዋል። እኔ አላዝንም፤ ሙዚቀኛ እንጀራም መብላት አለበት።

በ1980ዎቹ ማብቂያ ማይክል ወጣ። ጄይ በዚያው ስም ቀጠለ፤ በ1990 ያወጡት አንድ ነጠላ ዜማም ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሚያወጣው የሞደርን ሮክ ዘፈኖች የደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ማይክል በበኩሉ ካሊፎርኒያ ሌላ ባንድ አቋቋመ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚሆን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ታርቀው እንደገና አብረው መድረክ ወጡ፤ ግን አልዘለቀም። በ1999 ሁለት አልበሞች ገበያ ላይ ዋሉ። አንዱ የጄይ ነው፣ አንዱ የማይክል ነው፣ የባንዱ ስም ግን በሁለቱም ላይ ያው ጂን ላቭስ ጀዘበል። ሆድና ጀርባ ሆኑ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የተስማሙበትን መንገድ ልብ ብላችሁ እዩት። አሜሪካ ውስጥ ስሙ የማይክል ነው፤ ጄይ እዚያ ሲጫወት ፖስተሩ ላይ «የጄይ አስተን» የሚል መቅደም አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ የጄይ ሆኖ «የማይክል አስተን» የሚል ቅጥያ የሚጨምረው ማይክል ነው። እንግዲህ ትኬት የምትቆርጠዋን አድናቂ አስቧት። ፖስተሩን አንብባ፣ በየትኛው አገር እንዳለች አስታውሳ፣ የትኛው ወንድም እንደሚመጣ መለየት አለባት። ያን ሁሉ ዓመት የተለፋበት ስም በድንበር ተከፈለ። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ጊታር ቢሆን ይሸጣል፣ ገንዘቡም ይካፈላል። ስም ለሁለት አይቆረጥም። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ከባድ ክርክር ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ በስም ላይ የተነሣው ነው። አንድ ጊዜ የአባታቸውን ሱቅ ስም ሁለቱም የሚፈልጉት ወንድማማቾች ቢሮዬ መጡ። አግዳሚው ወንበር ላይ ዳርና ዳር ተቀመጡ፤ እናታቸው መሃል ናቸው። እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ «ምን አጣላችሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አንዱም አልመለሰላቸውም። እኔ ለዚያ የሚሆን የሕግ አንቀጽ አልነበረኝም፤ ከአሥር ዓመት በፊት መጻፍ የነበረበት አንድ ገጽ ወረቀት ነበር የጎደለው።

እናንተ ትሉ ይሆናል፦ «ከወንድሜ ጋር ውል? እንደማላምነው አይቆጥረውም?» ይገባኛል፣ ባህላችን ነው። እኛ አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብስ ተባብለን ነው የምንኖረው። ግን ውሉ የሚጻፈው ለዛሬዎቹ ለእናንተ አይደለም። ነገ ትዳር ትይዛላችሁ፣ አንዳችሁ አገር ትለቁ ይሆናል፣ ማናጀር ይገባል፣ ልጆች ይመጣሉ። ውሉ ለነዚያ ሰዎች ነው።

ወንድማማቾች ሁሉ እንዲህ አይሆኑም። ባውሃውስ የተባለው፣ ኖርዛምፕተን ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ የወጣው ባንድ በ1978 ሲመሠረት ዴቪድ ጄ በቤዝ፣ ወንድሙ ኬቨን ሃስኪንስ በድራም ነበሩበት። ዜማዎቹ የተመዘገቡት በአራቱም አባላት ስም በጋራ ነው። በ1983 ባንዱ ሲፈርስ ሁለቱ ወንድማማቾች ከጊታሪስቱ ከዳንኤል አሽ ጋር ሆነው በ1985 ላቭ ኤንድ ሮኬትስን ጀመሩ፣ በአዲስ ስም። በ1989 አንድ ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። የድሮው ስም ግን አልጠፋም፤ በ1998 አራቱም ተመልሰው በባውሃውስ ስም ተጫወቱበት። የሚመለሱበት ቤት ጠበቃቸው። እኔ በበኩሌ ሚስጥሩ ያ የጋራ ምዝገባ ይመስለኛል፤ «ይህ ዘፈን የእኔ ነው» የሚል ክርክር ከሥሩ ይደርቃል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ኮንሰርት በፊት ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። አንዱ ቢወጣ ስሙ ከማን ጋር እንደሚቀር ተነጋገሩ። የወጣው ሰው ፖስተር ላይ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ቃል በቃል ጻፉት፤ «የቀድሞ አባል» ማለት ይችላል ወይስ አይችልም? የዩቲዩብ ቻናሉና የቲክቶክ ገጹ በማን ስልክ ቁጥር ነው የተከፈተው? ዛሬ ከስሙ እኩል ዋጋ ያለው እሱ ነው፣ አትዘንጉት። ግጥምና ዜማው በማን ስም ይመዘገባል? አዲስ አበባ ከሆናችሁ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙበት። ስሙን ደግሞ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቡ፤ በአዋጅ 501/1998 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ስታስመዘግቡ በአንዳችሁ ስም ብቻ እንዳይሆን። «ለጊዜው በእኔ ይሁን፣ በኋላ እናስተካክላለን» የሚል ሰው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ያ «በኋላ» ግን ሳይመጣ ሲቀር ብዙ አይቻለሁ። ሁለታችሁም ሂዱ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ኮፒውን እናታችሁ ጋ አስቀምጡ።