ንዴት ሁሉ ከሰይጣን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ የቤቷን ኪራይ ወንድሜ ብቻውን ይወስዳል። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር እሳት ነው የምሆነው። «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» እስከማለት ደርሻለሁ። ንዴት ከሰይጣን ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ በስሜት ከምፈርድ ብዬ ዝም አልኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጾሙንና ጸሎቱን ታውቂዋለሽና አልደግምልሽም። «ንዴት የሰይጣን ነው፣ እርጋታ የእግዚአብሔር ነው» የሚለው ነገር ግን በየጉባኤው ይገጥመኛል። ሰው «ተቆጣሁ» ብሎ ንስሐ ይገባል። «ተረጋግቼ ሰው በደልኩ» የሚለው ግን ስንቱ ነው?

አንድ ጊዜ የውርስ ጠብ ልናስታርቅ ተቀምጠን ነበር። ወንድምየው ረጋ ብሎ፣ ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። እህትየዋ ታለቅሳለች። ሁላችንም እሷን «ተረጋጊ» አልናት። እውነቱ ግን ከእሷ ጋር ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዳዊትን ተመልከቺ። የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ተመኝቶ ወሰደ። ኦርዮን ያስገደለበትን ደብዳቤ የጻፈው ግን በቁጣ አይደለም። ሲነጋ፣ ውጊያው የሚበረታበትን ቦታ አስቦ ጻፈ። ደብዳቤውን ያስያዘውም ለራሱ ለኦርዮ ነው (2ኛ ሳሙ 11፥14-15)። አእምሮው በደንብ ይሠራ ነበር፤ የሚሠራው ግን ለምኞቱ ነበር።

በኋላ ነቢዩ ናታን መጥቶ ስለ ድሃው ሰው በግ ነገረው። ከድሃው እንጀራ የምትበላ፣ በብብቱ የምትተኛ አንዲት በግ ነበረች። ባለጠጋው ቀምቶ ለእንግዳው አረዳት። ዳዊት ነደደ። ሰውየው ሞት ይገባዋል፣ አራት እጥፍም ይመልስ ብሎ ፈረደ። አራት እጥፉ ከሕጉ ነው (ዘጸ 22፥1)። በበግ ሌባ ላይ የሞት ፍርድ ግን ሕጉ ውስጥ የለም። ሁለቱም ከአንድ አፍ ወጡ።

አየሽ፣ ንዴቱ አልዋሸውም። ግፍ መኖሩን ነግሮታል። ልኩን ግን አያውቅም። ልኩን የሚያውቀው ልቡና ነው። አባቶቻችን ነፍስን «ለባዊት» የሚሏት አስተዋይ፣ ለይታ የምታውቅ ስለሆነች ነው። ቃየን በተናደደ ጊዜም እግዚአብሔር ያለው በኃጢአት ላይ እንዲነግሥ ነው (ዘፍ 4፥7)።

ያንቺም እንዲሁ ነው። «ይሄ ግፍ ነው» ያለሽ ንዴት እውነቱን ነው። «ወንድም የለኝም» ሲያሰኝሽ ግን ልክ አልፏል። ዝምታውም አልጠቀመሽም። ቅዱስ ጳውሎስ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል (ኤፌ 4፥26)። ባንቺ ላይ ስንት ፀሐይ ገባ?

አሁን ወረቀት ያዢ። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደወሰደ ጻፊ። ለጣሪያ እድሳት፣ ለግብር ያወጣው ካለ ጠይቂውና ቀንሺለት። መጀመሪያ ብቻሽን ሄደሽ አነጋግሪው (ማቴ 18፥15)። እንባሽ ከመጣ ይምጣ፣ አትፈሪው። አልሰማም ካለሽ የንስሐ አባታችሁንና አንድ ዘመድ ይዘሽ ተመለሺ።