ርእሱ «ፈቃድ»፣ ሆዱ «ሽያጭ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሴ የሆነ፣ በባቲ ቅኝት የሠራሁት ዘፈን አለኝ። አንድ አሳታሚ 30 ሺህ ብር ቅድመ ክፍያ ሊሰጠኝ ውል ላከልኝ። ርእሱ «የፈቃድ ውል» ይላል። ውስጡ ግን «ባለሥራው በዘፈኑ ላይ ያሉትን ኢኮኖሚያዊ መብቶች በሙሉ በብቸኝነት ለአሳታሚው አስተላልፏል» ይላል። ከተጣራ ገቢ 40 በመቶ ይደርሰኛል። እኔ የምኖረው ሰርግ ላይ እየዘፈንኩ ነው። ከፈረምኩ በኋላ የራሴን ዘፈን መዝፈን እችላለሁ? ባቲንስ ሸጥኩት ማለት ነው?

መልስ፦ አብሽር፣ ባቲን ማንም አይገዛህም። ቅኝቱ የሁላችንም ነው። ውሉ የሚነካው አንተ የፈጠርከውን ግጥምና ዜማ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ርእሱና ሆዱ አለመስማማታቸው ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደህ ግመልህን ብታከራይ ይመለስልሃል። ብትሸጠው ግን በቃ፣ ሄደ። «ፈቃድ» ኪራዩ ነው፣ «አስተላልፏል» ሽያጩ። ጠብ ቢነሳ ዳኛ ርእሱን ብቻ አይቶ አይፈርድም። ስለዚህ ያቺን ቃል አስቀይራት። «ለ3 ዓመት እንዲጠቀምበት ፈቅዷል» ትባል።

አጎቴ በካሴት ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ሳያነብ ፈረመ። ኋላ ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት ሾፌሩን «ዝቅ አርግልኝ» ይል ነበር።

ወደ ሰርጉ ልምጣ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሕዝብ ፊት መከወን ራሱ አንድ ኢኮኖሚያዊ መብት ነው። «በሙሉ» ብለህ ከፈረምክ እሱም አብሮ ይሄዳል። «በብቸኝነት» ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው «ለሌላ አሳታሚ አትስጥ» ማለት ብቻ ይመስለዋል። አንተንም ከደጅ ሊያስቀርህ ይችላል። «ባለሥራው በመድረክና በሰርግ የመዝፈን መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል መስመር አስጨምር። ስምህ በዘፈኑ ላይ መጠራቱ ግን ከኢኮኖሚያዊዎቹ የተለየ የሞራል መብትህ ስለሆነ እሱ አያስጨንቅህ።

አሁን ብሩ። «የተጣራ» ከምን የተጣራ? 100 ሺህ ገባ እንበል። ለክሊፕና ለማስታወቂያ 80 ሺህ ወጣ ካሉህ የተጣራው 20 ሺህ ነው። ያንተ 40 በመቶ 8 ሺህ መሆኑ ነው። እሱም ኪስህ አይገባም! ቅድመ ክፍያው ከድርሻህ ይታሰባል የሚል አንቀጽ ካለ፣ ገና 22 ሺህ ከወደፊት ድርሻህ ይቆረጣል። የሚቀነሰው ወጪ በዝርዝርና በጣሪያ ይጻፍልህ። በስልክ «ኧረ እኛ ብዙ አንቆርጥም» ቢሉህ፣ «እሷኑ ጻፉልኝ» በላቸው።