የግድግዳው ሥራ የራስሽን ሥዕል እንዳይበላው

እህታችን የጠየቀችው ይሄን ነው፦ ለዓመታት ስቱዲዮዋ ውስጥ ብቻዋን ስትሥል ኖራለች። አሁን ከአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ጋር ትልቅ የግድግዳ ሥዕል እንድትመራ ተጠይቃለች። «ልቀበለው? የራሴን ሥራ አይበላብኝም?» ትላለች።

ተቀበዪው። ግን ብቻሽን አትግቢበት፤ ሌላ ሠዓሊ አብሮሽ ይኑር። ለጉልበት ብዬ አይደለም፤ ጉልበትማ ከነዋሪው ታገኛለሽ። ሰው መሃል ስትሠሪ ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ስትመልሺ ነው የምትውዪው። ይሄ ቀለም የት ይግባ? ብሩሽ አለ? ልጄም ትሣል? በዚህ መሃል ራቅ ብሎ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ይጠፋል። እኔና የሙያ ባልደረባዬ እየተቀያየርን ነው የምንሠራው። አንዳችን ከሰው ጋር ስንሆን ሌላችን መንገዱን ተሻግረን እናያለን።

ጭቅጭቅ የሚነሳው ሰው በምኑ እንደሚሳተፍ ቀድሞ ካልተነገረ ነው። ታሪኩ የነዋሪው ነው፤ አቀማመጡና የቀለም ምርጫው ያንቺ ነው። ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ በግልጽ ተናገሪ። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጁዲ ባካ እ.ኤ.አ. በ1976 መቀባት የጀመረችውን የሎስ አንጀለስ «ታላቁ ግድግዳ» ተመልከቺ። ከ400 በላይ ወጣቶች ተሳትፈውበታል፤ የታሪክ ምሁራንና ነዋሪዎችም ሐሳብ ሰጥተውበታል። ያን ሁሉ እጅ አንድ ያደረገው አስቀድሞ የተሠራው ንድፍ ነው።

በአንድ ሥራችን ላይ ብሩሽ ንክች የማያደርጉ አንድ አዛውንት ነበሩ። በየጠዋቱ መጥተው ዝም ብለው ያዩናል። አንድ ቀን «ድሮ ወንዙ እዚህ ጋ ይታጠፍ ነበር» አሉ። ጠመኔ ሰጠናቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መታጠፊያውን ሠሩት። ከኛ መስመር የተሻለ ነበር፤ ዛሬም ግድግዳው ላይ ያለው የእሳቸው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማግኘት አይቻልም።

ስለ ግድግዳው አጠር አድርጌ ልንገርሽ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ 28 ቀን ያህል ይቆይ፤ ቶሎ ከተቀባ ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አልካሊ የሚባል የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ቀለሙን ይጎዳዋል። የተላጠውን ፍቂው፣ እጠቢው፣ ከደረቀ በኋላ አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚገባ መነሻ ቅብ) ቀቢ። ቀለሞቹን ራስሽ በጥብጠሽ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪና ቁጥር ስጫቸው፤ ንድፉ ላይም ያንኑ ቁጥር ጻፊ። ቁጥሩን አይቶ ማንም መቀባት ይችላል። ፊትና እጅ ግን ላንቺ ይቆይ። ጠብታ የተሠራውን እንዳያበላሽ ከላይ ወደ ታች ሥሩ። ፀሐይ የሚበዛበት ከሆነ ከደማቅ ሮዝ ራቂ፣ ብዙዎቹ ቶሎ ይነጣሉ፤ ከብረት ኦክሳይድ (ከብረት ዝገት ዓይነት ውህድ) የሚሠሩት ቀዩና ቢጫው አፈርማ ቀለም ይጸናሉ።

ውሉ ላይ የንድፉ ክፍያ ለብቻው ይጻፍ። ወደፊት ቢላጥ ማን እንደሚያድሰውም ይግባ። የስቱዲዮ ቀኖችሽንም እዚያው አስፍሪ። በቃል ብቻ ከቀሩ የመጀመሪያው ዝናብ ፕሮግራሙን ሲያዛባው የሚሠዉት እነሱ ናቸው።

የራስሽን ሥራ የሚጠብቅልሽ ሌላው ነገር የጓደኞች ስብስብ ነው። ጥቂት ሆናችሁ በቋሚነት እየተገናኛችሁ ሥራ ተያዩ። «ያምራል» ወይም «አልወደድኩትም» ብቻ ከተባለ ግን ማንም አይጠቀምም። እኛ የምንከተለው የዳንስ አቀናባሪዋ (ኮሪዮግራፈሯ) ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 ያዘጋጀችውን አካሄድ ነው። መጀመሪያ ተመልካቾቹ ምን ትርጉም እንደሰጣቸው ይናገራሉ። ቀጥሎ ሠዓሊዋ ትጠይቃለች። ከዚያ እነሱ አስተያየት ያላዘለ ጥያቄ ይጠይቃሉ። አስተያየት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም በሠዓሊዋ ፈቃድ። ሦስተኛው ይከብዳል። «ለምን ይሄን ያህል ጨለማ አበዛሽ?» ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው። «ብርሃኑን ስትመርጪ ምን አስበሽ ነበር?» ሲባል ግን ሰው ስለ ሥራው ማሰብ ይጀምራል።

ወደዚህ ስብስብ ስትሄጂ የግድግዳውን ንድፍ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ስቱዲዮ ያለውን ያላለቀ ሸራም ውሰጂ። የት እንደደረሰ በየጊዜው የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ሥራው አይረሳም። አብሮሽ የሚሠራ ሠዓሊ ካላገኘሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እንፈልጋለን።