ለዓመታት የቆመች ዲቲ 125ን ለማስነሳት፦ መጀመሪያ እግርህን ሰብስብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የግብርና ሠራተኛ እያሉ ሲነዷት የነበረችውን፣ ኋላም ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ የገዟትን ያማሃ ዲቲ 125 ትተውልሃል። ቢቸና፣ የእህል መጋዘን ጥግ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ለብሳ ዓመታት ቆማለች። የማስነሻው ፔዳል አልወርድ ብሏል። ጎረቤትህ "ቁልቁል ገፍተን እናስነሳት" ይላል። ጋራዥ ያለው ጓደኛህ ደግሞ "ይሄን ሞተር አውልቀህ ጣለውና የቻይና እንግጠምላት" ይላል። አንተም የማንን ልስማ፣ ብትነሳስ አዲስ አበባ ታደርሰኛለች ወይ ብለሃል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥለውን) መፍታት ግን ሱሴ ነው። በእጄ ያለፉት አብዛኞቹ እንዳንተዋ ከገጠር ሥራ የተረፉ ዲቲና ኤጂ 100 ናቸው። ስለዚህ ፊት ለፊት ልንገርህ። ሁለቱንም አትስማ።

ከቻይናው ልጀምር። መጥፎ ሞተር ነው አልልም። ግን ባለ አራት ምት ነው፣ የሚታሰርበት ቦታ ከዲቲ ሻሲ ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ ብየዳ ይመጣል፣ ከብየዳው በኋላ ካቴናው መስመሩን ይስታል፣ ከዚያ ጥርስ መብላት ይጀምራል። ይሄ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ሌላ፣ ሻሲው ላይ የተቀመጠው ሞተር ሌላ ይሆናል። ከውርስ ወደ ራስህ ስም ልታዞር ስትሄድ የሚያስቆምህ እሱ ነው። ደግሞስ ምን አጥፍቶ ነው የሚጣለው? የዲቲ ሞተር ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ቫልቭ የለው፣ ካምሻፍት የለው። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ፒስተን፣ 123 ሲሲ። የላይኛውን ክፍል ለመፍታት ጥቂት ቺያቤ፣ ካቻቢቴና ረጋ ያለ ሰው ይበቃል።

ቁልቁል መግፋቱ ከዚህም ይብሳል። ፔዳሉ አልወርድ ያለው በአብዛኛው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ በዝገት ወይም በደረቀ ዘይት ስለተያዘ ነው። ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮን ስትለቅ ያንተና የሞተር ሳይክሏ ክብደት በሙሉ ከሲሊንደሩ ጋር በተጣበቀችው ቀጭን ፋሻ (ፒስተኑ ላይ የተጠመጠመችው የብረት ቀለበት) ላይ ያርፋል። ፋሻዋ ትሰበራለች። ስባሪዋ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች ትቧጭረዋለች። በትንሽ ዘይት ሊፈታ የነበረው ነገር ሙሉ ሥራ ይሆናል ማለት ነው።

ይልቅ ካንዴላውን ፍታ። በቀዳዳው ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት እኩል ቀላቅለህ ጨምር፣ በጨርቅ ክደነውና ለቀናት እርሳው። አልፎ አልፎ ጨመር አድርግበት። ከዚያ የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንሳ፣ ከፍተኛው ማርሽ ላይ አድርጋት፣ ጎማውን በእጅህ ወደፊትም ወደኋላም በቀስታ ወዝውዘው። በእግር እንዳትረግጣት! እጅ ምን ያህል እየገፋ እንደሆነ ይታወቀዋል፣ እግር አይታወቀውም። መቼም አንድ ቀን ትንሽ ታንቀሳቅሳታለህ፣ በማግስቱ ደግሞ ትንሽ ትጨምራለች። ጭራሽ ካልሆነ ቴስታታውን አንስተህ ከላይ ታየዋለህ።

ዞረች ብለህ ደግሞ ቤንዚን ለመሙላት አትሩጥ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ተነሳች ብሎ ይደሰታል፣ በሳምንቱ ፒስተን ይበሳል። ቴስታታውንና ሲሊንደሩን አንሳና እይ። ግድግዳው ላይ ጭረት ካለ ጥፍርህን አግድም አስኪድበት። ጥፍር ከያዘ ሬቲፊካ፣ ማለትም ሲሊንደሩን አስፍቶ ማስተካከል፣ ያስፈልገዋል። የዲቲ 125 ሲሊንደር ሲወለድ 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሬቲፊካ በኋላ የሚገባው ትልቅ ፒስተን በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር እየጨመረ ይሠራል። ፒስተኑን መጀመሪያ ግዛ። ባሕር ዳርም አዲስ አበባ ሱማሌ ተራም አስፈልግ፣ በእጅህ ሳይገባ ግን ሲሊንደር ለቶርኖ ቤት አትስጥ፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነው እንጂ በግምት አይደለም። ባለሙያው ሲጨርስ ደግሞ የነዳጅና የጭስ ቀዳዳዎቹን ጠርዝ በስሱ እንዲሞርድልህ ንገረው። መኪና ብቻ የሠራ ሰው ይሄን ላያውቀው ይችላል፣ ምክንያቱም የመኪና ሲሊንደር ግድግዳው ላይ ቀዳዳ የለውም። ጠርዙ ስል ሆኖ ከቀረ አዲሷን ፋሻ ይነክሳታል።

አሁን ማንም ስለማይነግርህ ነገር። ፓራኦሊዮ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነዳጅና አየሩን መጀመሪያ የሚስበው ክራንክሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ነው፣ ከዚያ ነው ወደ ላይ የሚገፋው። ያንን አየር አፍኖ የሚይዘው ክራንክሻፍቱ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ያለ ጎማ ነው፤ ፓራኦሊዮ የሚባለው እሱ ነው። ዓመታት የቆመ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የግራው፣ የማግኔቱ በኩል፣ ካፈሰሰ ከውጭ አየር ይስባል። አየር በዛ ማለት ነዳጅ አነሰ፣ ቀላቅለህ የምትነዳ ከሆነ ነዳጅ አነሰ ማለት ዘይትም አነሰ፣ ሙቀት ወጣ። ምልክቱ ጋዝ ሳትነካት ሚኒሞዋ (ቆማ ስትሠራ ያላት ዝቅተኛ ዙር) ራሱ እየጨመረ መጮህ ነው። ሰው "ነፍስ ዘራች፣ ጎበዝ ሆነች" ይላል፤ እሷ ግን እየነደደች ነው። የቀኙ፣ የፍሪሲዮኑ በኩል፣ ካፈሰሰ ደግሞ የማርሹን ዘይት ይጠጣል። ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ዘይቱም የት እንደገባ ሳይታወቅ እየጎደለ ይሄዳል። እኔ የቆመች ባለ ሁለት ምት ካገኘሁ ሁለቱንም ሳልቀይር አላስነሳም። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ መጠናቸው ራሳቸው ላይ በሦስት ቁጥር ተጽፏል፣ ኩሽኔታ የሚሸጡ ሱቆች በዚያ ቁጥር ይፈልጉልሃል። ማግኔቷን ግን በመዶሻ እየመታህ እንዳታወጣት፤ ማውጫ አለው፣ ተዋስ።

ታንከሯ ውስጧ ዝጎ ይሆናል። አቼቶ ሙላበት፣ አሳድር፣ አፍስስ፣ ከዚያ ጥቂት ጠጠር ከሳሙና ውሃ ጋር ጨምረህ አንገጫግጫት። ጠጠሩን ቆጥረህ አስገባ፣ ቆጥረህ አውጣ። ጸሐይ ላይ ካደረቅክ በኋላ ወዲያው ዘይት ያለበት ቤንዚን አንቦጫርቅባት፣ አለዚያ በማግስቱ ይዝጋል። ካርብራቶሪው ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆ ታገኘዋለህ። ጂግለሮቹን (ነዳጁን የሚመጥኑትን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) አውጥተህ በቤንዚን ዘፍዝፍ፣ በአየር ንፋ፤ ሽቦ አትክተትባቸው፣ ቀዳዳው ከሰፋ አይመለስም። ካቲካላ ያጥበዋል የሚል ሰው እዚህም አይጠፋም። ካቲካላውን ለሌላ ነገር አቆየው።

ባትሪ የላትም ብለህ አትጨነቅ፣ እሳቷን የምታገኘው ከማግኔቷ ነው። የቀድሞዎቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ለመብራቱ ባትሪ ስትገዛ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን እይ። ሞዴሏ ኮንታክት ፖይንት (የእሳቱን መስመር የሚዘጋና የሚከፍት ነገር) ያለው ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፣ ሲከፈት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ካንዴላ አዲስ ግዛ። አሮጌውን ለማዳን አትድከም።

ወደ ዘይቱ ልምጣ። ዲቲ የራሷ የዘይት ፖምፓ አላት፣ ዘይቱን ከሌላ ጋን ስባ ከነዳጁ ጋር ታገናኛለች። ለዓመታት የቆመ ፖምፓ ግን አይታመንም፣ ቱቦው ውስጥም አየር ይኖራል። መጀመሪያ አየሩን በማስተንፈሻው ብሎን አውጣ። ለመጀመሪያው ሰሞን በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ቀላቅልበት። ፖምፓው መሥራቱን በዓይንህ ስታረጋግጥ መቀላቀሉን ትተዋለህ። ትንሽ ትጨሳለች፣ ትጭስ። የመኪና ሞተር ዘይት የሚቀላቅሉም አሉ፤ በካርቦን ማርሚታውን ይደፍናል።

ቀለሙን ለመጨረሻ አቆየው። እንዲያውም ባትቀባት ደስ ይለኛል። ታንከሯ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ አሁንም ይታያል ብለሃል፣ አባትህ የነዷት እሷን ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም የትም ይገኛል። ገንዘቡን ለጎማ፣ ለካላማዳሪና ለፍሬን ሸራ አድርገው። የደረቀ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም በክረምት ጭቃ ላይ ይጥልሃል፣ ዋልካውን ታውቀዋለህ።

አሁን አዲስ አበባ። ችግሩ ርቀቱ አይደለም፣ ዓባይ በረሃ ነው። እኛ ያለንበት ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሰውም በትንሽ ጂግለር ያስተካክለዋል። በዚያ የተስተካከለች ሞተር ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርድ አየሩ እየወፈረ ይሄድና ነዳጁ ያንሳታል፣ በዚያ ላይ ሙቀት አለ። ስለዚህ ካንዴላው ትንሽ ቢጠቁርም ፋብሪካው ያወጣለትን ጂግለር አትቀይር። ሌላው ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ነው። ነዳጅና ዘይት ቀላቅለህ እየነዳህ ከሆነ ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ብቻ ስትወርድ ሞተሩ በኃይል እየዞረ ነዳጅ አያገኝም፣ ነዳጅ የለም ማለት ዘይትም የለም። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘህ ጋዝ ስጣት። ፍሬኗ ሲግል ቆም በል። ሬቲፊካ ካደረግክ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ያህል እዚያው ደጋው ላይ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲህ ወዲያ፣ ጋዙን ከፍ ዝቅ እያደረግክ አለማምዳት። እስከዚያ አዲስ አበባን እርሳው።

ሲሊንደሩን ስታነሳ የግድግዳውን ፎቶ በጥሩ ብርሃን አንሳና ለጥፍልኝ። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ እዚህ ማርቆስ የማምነው ቶርኖ ቤት አለ፣ ፒስተኑን ይዘህ ና።